ጉዝጓዝ፦ የግቢን አፈር በቅጠል፣ በጭድና በድንጋይ ማልበስ

ለበዓል ቄጠማ ሲጎዘጎዝ አቧራው ይረጋል፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል፣ ቤቱም መልካም ሽታ ይይዛል። ይህንኑ ሥራ ደጅ ላለው አፈር ስንሠራለት፣ ማለትም በአትክልቱ ሥር የተራቆተውን መሬት በደረቅ ቅጠል፣ በጭድ፣ በእንጨት ፍቅፋቂ ወይም በጠጠር ስንሸፍነው፣ የግብርና ባለሙያዎች በዚሁ ቃል ጉዝጓዝ ይሉታል፤ ሙልች የሚለውን የውጭ ቃል የሚመርጡም አሉ። ይህን ጽሑፍ የማዘጋጀው በአዲስ አበባና አየሯ እንደ አዲስ አበባ በሆነ የደጋና የወይና ደጋ ከተማ ጥቂት የአትክልት ቦታ ያለው ግቢ ላላቸው ሰዎች ነው። የትኛው ጉዝጓዝ ለየትኛው ቦታ እንደሚስማማ፣ መቼና በምን ያህል ውፍረት እንደሚነጠፍ፣ ከቤቱ ግድግዳ አጠገብ ደግሞ በሚበሰብስ ጉዝጓዝ ፈንታ ለምን ድንጋይ እንደሚመረጥ በቅደም ተከተል ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በእኛ ዘንድ ንጹሕ ግቢ ማለት የተጠረገ ግቢ ነው። ጠዋት ጠዋት መጥረጊያ የሚዳስሰው፣ አንድ ቅጠል እንኳ የማይታይበት ግቢ የቤቱን ሰዎች ትጋት ይመሰክራል። እኔም ያደግሁት በዚሁ ልማድ ነው፤ አከብረዋለሁም። ይሁን እንጂ ከውጭ በር እስከ ቤቱ ደጃፍ ያለውን መተላለፊያ መጥረግ አንድ ነገር ሲሆን፣ ከጽጌረዳውና ከሎሚው ሥር ያለውን አፈር መጥረግ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ከዛፍ ሥር የረገፈው ቅጠል ቆሻሻ አይደለም፤ ዛፉ ከአፈሩ የወሰደውን ምግብ መልሶ የሚከፍልበት መንገድ ነው። በየቀኑ ጠርገን ስናወጣው አፈሩን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እናደኸየዋለን፤ ከዚያም በዓመቱ መጨረሻ ማዳበሪያ ገዝተን ልናለማው እንሞክራለን።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ኅዳር 12 ቀን ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተባለው ወረርሽኝ ጋር ተያይዞ በሚታወሰው የኅዳር ሲታጠን ዕለት በየደጁ የተጠራቀመው ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ ከእርሱም ጋር ብዙ ጆንያ የሚሞላ ደረቅ ቅጠልና ሣር አብሮ ይነዳል። ግቢን በዓመት አንድ ቀን አጥብቆ የማጽዳቱ ሐሳብ መልካም ነው። የሚያሳዝነው ግን ኅዳር ዝናቡ ካቆመ በኋላ አፈሩ እርጥበቱን ማጣት የሚጀምርበት፣ ስለዚህም ያ ቅጠል ከየትኛውም ጊዜ ይልቅ የሚያስፈልገው ወር መሆኑ ነው። በዚያች ዕለት ቅጠሉን ከፌስታሉና ከሌላው ጥራጊ ለይተው በጆንያ ቢያኖሩ፣ የዓመቱን ጉዝጓዝ ግማሹን ያለ ምንም ወጪ አገኙ ማለት ነው።

አፈር ሲለብስ ምን ይለወጣል?

አብዛኛው የአዲስ አበባ ክፍል ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ነገር ግን አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ከጥቅምት ጀምሮ እስከ በልግ ዝናብ ድረስ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ የቀኑ ፀሐይ ይበረታል፣ አየሩ ይደርቃል፣ ነፋሱም ይጨምራል። በእነዚህ ወራት የተራቆተ አፈር የያዘውን እርጥበት በፀሐይና በነፋስ ቶሎ ያጣል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው በበርሜል ያጠራቀመውን ውኃ ለአትክልት ሲያጠጣ ምን እንደሚሰማው ያውቃል፤ ከሰዓት በኋላ ያጠጡት መሬት በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ነጭ አቧራ ሆኖ ይገኛል። ጉዝጓዝ ፀሐዩንና ነፋሱን ከአፈሩ ገጽ ስለሚከለክል ውኃው በአየር ከመጥፋት ይልቅ በሥሮቹ መካከል ይቆያል።

አፈሩ ጥቁር በሆነበት ቦታ ጥቅሙ ይበልጥ ግልጽ ነው። መረሬ የምንለው ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በጥር ወር እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚታይበት ግቢ ጥቂት አይደለም። ስንጥቁ ራሱ ተጨማሪ እርጥበት የሚወጣበት በር ከመሆኑም በላይ ቀጫጭን ሥሮችን ይበጥሳል። በእንጦጦ ግርጌ እንደሚገኘው ባለ ቀይ አፈርና ተዳፋት ግቢ ውስጥ ደግሞ ትልቁ ችግር የክረምቱ ዝናብ አፈሩን እየመታ ማጠቡ ነው። የዝናብ ጠብታ በቀጥታ አፈር ላይ ሲያርፍ የአፈሩን እንክብሎች ይሰብራል፤ የተሰበረው ደቃቅ አፈር የላይኛውን ቀዳዳ ይደፍንና ውኃው መስረጉን ትቶ መፍሰስ ይጀምራል። በቅጠል ላይ ያረፈ ጠብታ ግን ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል።

ይህን በዓይኑ ማየት ለሚፈልግ ሰው አንድ ቀላል ሙከራ አለ። በጥቅምት መጀመሪያ ሁለት እኩል መደብ ይምረጡ፤ አንዱን ሰባት ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው ቅጠል ይሸፍኑ፣ ሌላውን እንዳለ ይተዉት፣ ለሁለቱም እኩል ውኃ ያጠጡ። በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ እጅዎን በሁለቱም ላይ ያሳርፉ። ያልተሸፈነው መደብ ይሞቃል፣ ላዩም ደርቆ ቅርፊት ይሠራል፤ ጣት ለማስገባት ጉልበት ይጠይቃል። በሌላው መደብ ላይ ቅጠሉን ገለጥ ሲያደርጉ መጀመሪያ የሚያገኙት ቀዝቃዛና የጫካ ሽታ ያለው እርጥበት ነው፤ የታችኛው ቅጠል ጠቁሮ ተበሳስቷል፣ በመካከሉ ነጭ ክር የመሰለ ሻጋታ ተዘርግቷል፣ ትንሽ ዝቅ ሲሉም የምድር ትል ያገኛሉ። ያ ነጭ ክር በሽታ አይደለም፤ ቅጠሉን ወደ አፈርነት የሚለውጠው ነውና አይረበሹ። እኔ ይህን ሙከራ ከሠራሁ በኋላ በሳምንት ሦስት ጊዜ አጠጣው የነበረውን መደብ አንድ ጊዜ ማጠጣት በቃኝ።

አረምን በተመለከተ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጉዝጓዝ ብርሃን ስለሚከለክል ከዘር የሚበቅለውን አረም በእጅጉ ይቀንሳል። ሰርዶና እንግጫ ግን ከመሬት በታች ባለ ሥራቸው ስለሚስፋፉ ጉዝጓዙን ሰንጥቀው ይወጣሉ፤ እንዲያውም እርጥበቱ ይመቻቸዋል። ስለዚህ እነዚህን አስቀድሞ ከነሥራቸው ማውጣት ግዴታ ነው፤ ጉዝጓዝ ነቅሎ የማይጨርስ ሰው የሚሸሸግበት መጋረጃ ሊሆን አይችልም።

ምን እንጎዝጉዝ?

ከሁሉ የሚሻለው ከግቢው ራሱ የሚገኘው ነው። የግራቪሊያ፣ የወይራ፣ የአቮካዶ፣ የብሳና ቅጠል ሁሉ ይሆናል። ትልልቅና ወፍራም ቅጠል እንዳለ ሲነጠፍ እንደ ንጣፍ ተደራርቦ ውኃ እንዳይሰርግ ሊከለክል ስለሚችል፣ በእግር ረገጥ ረገጥ አድርጎ ወይም በገጀራ ከትክቶ መበተኑ ይመረጣል። ለበዓል የተጎዘጎዘው ቄጠማም ከዚህ ወገን ነው። በማግስቱ ተጠርጎ ወደ ገንዳ የሚሄደውን ቄጠማ፣ ሰምና ፕላስቲክ ካለበት ለቅመው፣ አንድ ቀን በፀሐይ ካጠወለጉት በኋላ በጎመኑና በቃሪያው መካከል ይበትኑት። የድፎ ዳቦ ኮባም እንዲሁ ተቀዳዶ ይነጠፋል። በነገራችን ላይ በእንሰትና በቡና አብሮ አደግ እርሻው የሚታወቀውና በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ለዘመናት የኖረው በዚሁ ዘዴ ነው፤ በዚያ የሚረግፈው ቅጠልና የሚታጨደው አረም ከዛፎቹ ሥር ይቀራል እንጂ ተጠርጎ አይወጣም።

ባሕር ዛፍ ለብቻው መነሣት አለበት፤ ምክንያቱም በከተማችን ከሁሉ የሚበዛው ቅጠል የእርሱ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ዘይት የዘርን መብቀል ስለሚያውክ ገና ዘር በተዘራበት ወይም ችግኝ በተተከለበት መደብ ላይ ትኩስ የባሕር ዛፍ ቅጠል መነስነስ አይገባም። እኔ በአንድ ዓመት ይህን ሳላውቅ የሰላጣ መደብ አልብሼ ከአሥር አንዱ እንኳ አልበቀለልኝም። ሆኖም ቅጠሉ ተከምሮ፣ እርጥበት እያገኘና እየተገላበጠ አንድ ክረምት ካሳለፈ በኋላ ይህ ጠባዩ እጅግ ስለሚቀንስ ለትልልቅ ዛፎችና ለቁጥቋጦዎች ሥር ይስማማል። ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል እሳት ፈጥኖ የሚይዘው መሆኑም መዘንጋት የለበትም። አጣና ሲላጥ የሚወድቀው ቅርፊት ግን ቀስ ብሎ የሚበሰብስ፣ ነፋስም የማያነሣው ጥሩ የመንገድ ንጣፍ ነው፤ በአትክልት መደቦች መካከል ለመርገጫ ቢያነጥፉት በክረምት ጭቃ ከጫማዎ ጋር ወደ ቤት አይገባም።

ጭድ ቀላል፣ ንጹሕና አየር የሚያሳልፍ ነው። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለከብት መኖ ስለሚፈለግ ዋጋው ይወደዳል፤ ስለዚህ ከብት የማይበላውን፣ ዝናብ ያገኘውን ጭድ ቢጠይቁ ይሻላል። ሁለተኛ፣ በውስጡ የቀረው የጤፍና የአረም ዘር ውኃ ሲያገኝ ይበቅላል። ይህን ለማስቀረት ጭዱን መደብ ላይ ከማንጠፍዎ በፊት በአንድ ጥግ ዘርግተው ለሁለት ሳምንት ያህል ውኃ እያርከፈከፉ ያቆዩት፤ የሚበቅለው ይበቅልና ሲገለበጥ ይሞታል። ነፋስ በሚበረታበት ወቅት ደግሞ ካነጠፉት በኋላ በውኃ ማርጠብና ጥቂት ቅርንጫፍ በላዩ ማጋደም ያስፈልጋል።

ሰጋቱራና የእንጨት ፍቅፋቂ ከእንጨት ሥራ ቤቶች ብዙ ጊዜ በነጻ ይገኛል፤ ከመቀበልዎ በፊት ግን ከምን እንደወጣ ይጠይቁ። ከንጹሕ ጣውላ የወጣው ይሆናል፤ ከኮምፔንሳቶ፣ ከቺፑድና ከኤምዲኤፍ የወጣው ግን ሙጫ ስላለበት፣ ቀለም ወይም የምስጥ መድኃኒት የተቀባ እንጨትም እንዲሁ፣ ለሚበላ ነገር በሚተከልበት አፈር ላይ ፈጽሞ መግባት የለበትም። ሰጋቱራን ከአፈር ጋር መቀላቀልም ትልቅ ስሕተት ነው። እንጨቱን የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ለሥራቸው ናይትሮጅን ስለሚያስፈልጋቸው ከአፈሩ ይወስዱታል፤ አትክልቱም ያለ ናይትሮጅን ቀርቶ ቅጠሉ ይገረጣል። ሰጋቱራው ላይ ላዩን ብቻ ሲቀመጥ ይህ የሚሆነው በመነካኪያው ስስ ገጽ ላይ ብቻ በመሆኑ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። ለማንኛውም ከሥሩ አንድ ጣት ያህል የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት ቢያስቀድሙ አያሳስብም። ደቃቅ ሰጋቱራ እርስ በርሱ ተጣብቆ ውኃ ስለሚከለክል ውፍረቱ ከሦስት ሳንቲ ሜትር አይለፍ።

የቡና ገለባ በሚገኝበት አካባቢ እጅግ ጥሩ ነው፤ በፖታሲየም የበለጸገ ስለሆነ ለሙዝ፣ ለቡናና ለጽጌረዳ ይስማማል። ካፌይን ስላለበት ግን ውሻ እንዳይበላው መጠበቅ ያሻል። ከጀበና የሚወጣው አተላ መጠኑ ትንሽ ነው፤ በአንድ ቦታ ሲጠራቀም ደርቆ ቅርፊት ስለሚሠራ ሳሳ አድርጎ መበተንና በቅጠል መሸፈን ይገባል። አዲስ የታጨደ ሣርም ቢሆን ሳይጠወልግ በወፍራሙ ቢከመር ይሞቃል፣ ይገማል፤ ደርቆ በትንሽ በትንሹ ይጨመር። የከሰል አመድ ጉዝጓዝ አይደለም፤ ብዛቱ የአፈሩን ኮምጣጣነት አጥፍቶ ወደ ሌላው ጠርዝ ያደርሰዋል። ቅንጬ አረም የሚባለውን ፓርቴኒየም ካበበ በኋላ በምንም መልኩ ወደ ግቢ አያስገቡ፤ ዘሩ ይረግፋል፣ ቆዳንም ያስቆጣል።

አነጣጠፉ

ትክክለኛው ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነው። አፈሩ የክረምቱን ውኃ ጠጥቶ ገና ሳይደርቅ መሸፈን አለበት፤ ጉዝጓዝ ያለውን እርጥበት ይጠብቃል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። ጊዜው ካለፈብዎት አስቀድመው አንድ ጊዜ ሥር እስኪደርስ አጠጥተው በማግስቱ ያልብሱት።

መጀመሪያ አረሙን ነቅለው መደቡን በመኮትኮቻ ቀለል አድርገው ይነካኩ። አረም የበዛበት ቦታ ከሆነ ከሱቅ የሚጣለውን ካርቶን ፕላስተሩንና ሽቦውን አንሥተው፣ ጠርዞቹን ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር አደራርበው ይዘርጉትና በውኃ ያርሱት፤ ጉዝጓዙ በላዩ ይሆናል። ካርቶኑ በጥቂት ወራት ይበሰብሳል። ላስቲክ ግን በፍጹም አይጠቀሙ፤ ውኃና አየር ስለሚከለክል ከዓመት በኋላ ከሥሩ የሚያገኙት የታፈነና የሚሸት አፈር ነው።

ውፍረቱ እንደ ዕቃው ይለያያል። ለቅጠልና ለጭድ ከሰባት እስከ አሥር ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ በሳምንታት ውስጥ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ለፍቅፋቂና ለቅርፊት ከአምስት እስከ ሰባት፣ ለደቃቅ ነገር ሦስት። ስሌቱ ቀላል ነው፤ አሥር ካሬ ሜትር መደብ በሰባት ሳንቲ ሜትር ለማልበስ 0.7 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። መጠኑ ከሚጠብቁት በላይ ብዙ ጆንያ ስለሆነ፣ ያለዎት ጥቂት ከሆነ ግቢውን ሁሉ አሳስተው ከመሸፈን አንዱን መደብ በሚገባ ማልበስ ይሻላል።

አሁን የምናገረው ከሁሉ በላይ እንዲታወስልኝ የምፈልገውን ነው፤ ጉዝጓዝ ግንድ መንካት የለበትም። ለአንድ አቮካዶ ችግኝ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ጭዱን እንደ ቁልል ግንዱ ላይ አስጠግቼ ነበር። በነሐሴ ቅጠሉ መገርጣት ሲጀምር ውኃ የበዛበት መሰለኝ፤ ጭዱን ሳነሣ የግንዱ ልጥ በጣት ሲነካ የሚላጥ፣ ቡናማና እርጥብ ሆኖ ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ችግኙ ደረቀ። ከዚያ ወዲህ ከችግኝ ግንድ ቢያንስ አንድ ስንዝር፣ ከትልቅ ዛፍ ደግሞ ሁለት ስንዝር ያህል ባዶ ክብ እተዋለሁ። ጉዝጓዙ ከዚያ ክብ ተነሥቶ እስከ ቅርንጫፎቹ ጫፍ ድረስ መዘርጋት ይችላል፤ ውኃ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች ያሉት በአብዛኛው ወደዚያ ወደ ውጭ ነውና። ቅርጹም መሃሉ ጎድጎድ ያለ እንደ ሰፌድ እንጂ እንደ ጉልላት መሆን የለበትም።

ውርጭ በሚጥልበት ቦታ፣ ለምሳሌ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው በደብረ ብርሃንና በመሰሎቿ፣ አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ጉዝጓዝ ሥሩን ከብርድ ይጠብቃል፤ ቅጠሉን ግን አይጠብቅም፤ እንዲያውም አፈሩ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ እንዳይለቅ ስለሚከለክል ለውርጭ የማይችሉ እንደ ቲማቲምና ድንች ያሉት ይበልጥ ሊጎዱ ይችላሉ። ውርጭ በሚያሠጋባቸው የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቶች ከእነዚህ ዙሪያ ጉዝጓዙን ገለጥ አድርጎ ቅጠላቸውን በጨርቅ ወይም በጆንያ መሸፈን ያስፈልጋል።

ከግድግዳው አጠገብ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ለአትክልት ሥር ነው። ከቤቱ ግድግዳ ግን የሚበሰብስ ነገር ቢያንስ ግማሽ ሜትር መራቅ ይገባዋል። የጭቃ ቤት ከሆነ እርጥቡ ቅጠል የግድግዳውን እግር ያርሰዋል፣ ማገሩንና ምሰሶውን ያበሰብሳል፤ እንደ ወለጋ ባሉ ምስጥ በበረታባቸው አካባቢዎች ደግሞ ምስጡን በድብቅ ወደ ቤቱ የሚያስገባ መንገድ ይሆናል። የብሎኬት ቤትም ቢሆን ከእርጥበት ነጻ አይደለም፤ በወፍራም ጭድ ውስጥም አይጥ ጎጆ ይሠራል።

በዚህ ቦታ የሚያገለግለው ድንጋይ ነው። ብዙዎቹ ቤቶቻችን አሸንዳ የላቸውም፤ ውኃው ከቆርቆሮው ሞገድ በቀጥታ ይወርዳል። በሐምሌ ወር ከክፈፉ ሥር መሬቱን ቢመለከቱ ቆርቆሮው ጎድጎድ ባለበት አንጻር እኩል ተራርቀው የተቦረቦሩ ትንንሽ ጉድጓዶች በመስመር ተደርድረው ያያሉ፤ ከእያንዳንዱ ጉድጓድ የሚረጨው ጭቃ ደግሞ በግድግዳው ቀለም ላይ እስከ ጉልበት ከፍታ ቡናማ ጥለት ይሥላል። በየዓመቱ ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ያንን የታችኛውን ክፍል እንደገና ማስቀባት ልማድ ሆኖብናል። ጠብታው በሚያርፍበት መስመር መካከል አድርጎ ግማሽ ሜትር ስፋትና አሥር ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሮ በጠጠር መሙላት ሁለቱንም ችግር ይፈታል። ከመሙላትዎ በፊት የቦዩ መሬት ከቤቱ ወደ ውጭ፣ በአንድ ሜትር ከሁለት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ማዘንበሉን ያረጋግጡ፤ ያለዚያ ጠጠሩ ውኃን ከመሠረቱ አጠገብ የሚያቁር ገንዳ ይሆናል። በጥቁር አፈር ላይ ለተሠራ ቤት ይህ ነገር ይበልጥ ያስፈራል፤ የአፈሩ ማበጥና መኮማተር ግድግዳ ይሰነጥቃልና ውኃ ከመሠረቱ መራቅ አለበት፣ አበባም በግድግዳው ሥር ተተክሎ በየቀኑ ባይጠጣ ይመረጣል። ጠጠሩ ከአፈር ጋር እንዳይቀላቀል ውኃ የሚያሳልፍ ጨርቅ ከሥሩ ቢነጠፍ ጥሩ ነው።

የጠጠሩ ምርጫ የቦታው ነው። በግንባታ ዕቃ መሸጫ 02 የሚባለው የተፈጨ ጥቁር ድንጋይ ከብዶ ስለሚቀመጥ ለጠብታ መስመር ይሻላል። በቢሾፍቱና በአካባቢዋ ካሉት የእሳተ ገሞራ ኮረብታዎች የሚወጣው ቀይ ጠጠር፣ በተለምዶ ሬድ አሽ የሚባለው፣ ቀላልና ባለ ቀዳዳ ነው፤ በቁልቋል፣ በእሬትና በመሳሰሉት ዙሪያ ከአረንጓዴው ጋር ሲታይ ያምራል፣ እርጥበትም ይጠብቃል። ይህ ዓይነቱ ድንጋይ የሚሠራውን ሥራ ለመረዳት በካናሪ ደሴቶች ውስጥ የላንሳሮቴን የወይን እርሻ ማሰብ ይበቃል፤ ከ1730 እስከ 1736 እ.ኤ.አ. የፈነዳው እሳተ ገሞራ በተወው ጥቁር ጠጠር ውስጥ ጉድጓድ እየቆፈሩ፣ ዝናብ እጅግ በሚያንስበት ደሴት እስከ ዛሬ ወይን ያለማሉ። ጠጠር ግን አፈርን አይመግብም፤ ለአትክልት መደብ አላበረታታም፤ አንድ ጊዜ ከአፈር ጋር ከተቀላቀለም ለቅሞ ማውጣት እጅግ አድካሚ ነው። ስለ መጠኑ ደግሞ፣ አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ላለው ግድግዳ 0.6 ሜትር ኩብ ይበቃልና ሙሉ መኪና መግዛት አያስፈልግም፤ ግንባታ ካጠናቀቀ ጎረቤት የተረፈውን መጠየቅ ይቻላል።

ግቢን በሙሉ በሲሚንቶ ማስለበስ ጭቃን ለማስወገድ የተለመደ መፍትሔ ሆኗል፤ ነገር ግን የግቢው ዝናብ በሙሉ ወደ ጎረቤትና ወደ መንገድ እንዲፈስ ያደርጋል፣ በጥርም ሙቀቱን ወደ ቤቱ ይመልሳል። ለመኪናና ለእግር መንገድ በአሸዋ ላይ ያለ ሲሚንቶ የተነጠፈ ኮብልስቶን ወይም የአምቦ ድንጋይ ቢመርጡ በመገጣጠሚያው በኩል ውኃው ወደ መሬት ይሰርጋል። የመደቡን ጠርዝ ለመያዝ አጣና፣ ቀርከሃ ወይም ጥርብ ድንጋይ ያገለግላል፤ አጣናው ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ሲበሰብስ መለወጥ ቢኖርበትም ራሱ ወደ አፈር ይመለሳል።

እንክብካቤው

ማንደጃ በደረቅ ጭድ ወይም ቅጠል አጠገብ አይቀመጥ፤ ቡና የሚፈላበትና ደመራ የሚለኮስበት ቦታ በጠጠር ወይም በባዶ መሬት የተከበበ ይሁን። በሰኔ መጨረሻ ዝናቡ ሲጠና ወፍራሙን ጉዝጓዝ በመንሽ አንሥተው ያሳሱት፤ ያለዚያ በእርጥበቱ ውስጥ ቀንድ አውጣ ይራባል፣ ለስላሳ ችግኝም በሌሊት ይበላል። ቀንድ አውጣ ከታየ ማታ በባትሪ መልቀም ከመድኃኒት ሁሉ ይሻላል። በበጋ ውኃ ሲያጠጡ በጉዝጓዙ ላይ በስሱ ማርከፍከፍ ቅጠሉን ብቻ ስለሚያርስ፣ በአንድ ቦታ ቀስ ብለው ረዘም ላለ ጊዜ ያጠጡ፤ ከማጠጣትዎም በፊት ጣትዎን አምስት ሳንቲ ሜትር ወደ አፈሩ አስገብተው ይፈትሹ፤ እርጥብ ከሆነ ለሌላ ቀን ያቆዩት።

ቅጠልና ጭድ አንድ ክረምት ካለፈባቸው በኋላ ብዙ አይቀሩም፤ ፍቅፋቂ እስከ ሁለት ዓመት ሊቆይ ይችላል። በመስከረም መጨረሻ የቀረውን በመንሽ ወደ ጎን ሲያደርጉ ከሥሩ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ጥቁር፣ በእጅ ሲጨበጥ የሚፈረፈር አፈር ካገኙ ሥራው በትክክል እየሄደ ነው። ያንን አፈር አይቆፍሩት፤ የምድር ትሎቹ ራሳቸው ወደ ታች ይወስዱታል። የቀረውን አሮጌ ቅጠል መልሰው በላዩ ያድርጉት፣ ከዚያም ከባለፈው ኅዳር ያኖሩትን ጆንያ ይፍቱ።